ሶፍትዌር ለምን አርፎ አይቀመጥም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልካቸው «አፕዴት አድርገኝ» እያለ የሚጨቀጭቃቸው አሉ። የለመዱት ሲስተም በአንድ ሌሊት መልኩን ቀይሮ የሚጠብቃቸው አሉ። ኮድ መጻፍ ጀምረው «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚሉም አሉ። የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ይገናኛል። ከታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮድ አይዝግ፣ አይበሰብስ። ታዲያ ሶፍትዌር እንዴት ያረጃል?

እውነት ነው፣ አይዝግም። የመኪና ሞተር ብዙ በሠራ ቁጥር ብረቱ ይበላል። ፕሮግራም ግን ሚሊዮን ጊዜ ቢሠራ አንዲት ፊደል አትጎድልበትም። ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈ ኮድ ፋይሉ እስካልተበላሸ ድረስ ዛሬም ያው ነው።

የሚያረጀው ዙሪያው ስለሚለወጥ ነው። ፕሮግራም ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ከሥሩ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ። ከዚያ በታች ሃርድዌር አለ። ከጎኑ የሚያናግራቸው ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ። ከላይ ደግሞ ሰው አለ፣ ሕግ አለ፣ የአሠራር ልማድ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲንቀሳቀስ ባለበት የቆመው ፕሮግራም ወደ ኋላ ይቀራል።

የሶፍትዌር ምህንድስና ሊቁ ዴቪድ ፓርናስ በ1994 ባቀረበው ጽሑፍ ይህን እርጅና ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ ይኸው ነው፤ ዓለም ሲሄድ ባለበት መቅረት። ሁለተኛው ከለውጡ ከራሱ ይመጣል። የመጀመሪያውን ንድፍ በቅጡ ያልተረዳ ሰው እየገባ ሲነካካው ኮዱ ቀስ በቀስ ማንም የማይጨብጠው ነገር ይሆናል። ነገሩ ያስቃል። ካልነኩት ያረጃል፤ ሳያውቁ ከነኩት ደግሞ ቶሎ ያረጃል።

ማንም ሳይነካው በደንብ ሲሠራ የነበረ ኮድ ድንገት ሊከሽፍ ይችላል?

ይችላል። ከምሳሌዎቹ ሁሉ የሚታወቀው ሰማይ ላይ የደረሰው ነው።

አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ጁን 4 ቀን 1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰች። 40 ሰከንድ ገደማ ከበረረች በኋላ ከመስመሯ ወጣች፤ ተሰባብራም ፈነዳች። አቅጣጫዋንና አቋቋሟን የሚከታተለው ኮድ ከታላቅ እህቷ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። እዚያ ላይ ለዓመታት ያለ እንከን ሠርቷል። አዲሷ ሮኬት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ወደ ጎን የምትጓዝበት ፍጥነት ከአሪያን 4 በብዙ ይበልጣል። ኮዱ ከዚህ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ባለ 64 ቢት ቁጥር ይዞ 16 ቢት ቦታ ውስጥ ሊያስገባው ሞከረ (ቢት ማለት 0 ወይም 1 የምትይዝ አንዲት የኮምፒውተር ቦታ ናት)። ያ ቦታ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። አልበቃም። ኮምፒውተሩ ስህተት ገጠመኝ ብሎ ሥራውን አቆመ። መጠባበቂያ ኮምፒውተር ነበር፤ ግን እሱም ያንኑ ኮድ ስለሚጠቀም በዚያው ምክንያት ቆሟል።

ይበልጥ የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ያ የኮድ ክፍል ሮኬቷ ከመሬት ከተነሣች በኋላ ለአሪያን 5 የሚሰጠው ጥቅም አልነበረም። ለአሪያን 4 ያስፈልግ ስለነበር ብቻ አብሮ መጣ። በደንብ የሚሠራን ኮድ መነካካት ጥሩ አይደለም ተብሎ ነው የተተወው።

ልብ በሉ፣ ኮዱ ውስጥ የተበላሸ ነገር የለም። አንድም ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠችው ሮኬቷ ናት። አንድ ባለሙያ «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር» ሲላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የትናንቱ ዋስትና ግን ለትናንቱ ሁኔታ ነው።

የ2038 ችግር የሚባለው የምር ነው?

የምር ነው። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ቆጠራው በ32 ቢት ከተያዘ የመጨረሻው ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ይህ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 03:14:07 ላይ ይሞላል። በሚቀጥለው ሰከንድ ኮምፒውተሩ ዘመኑ ዲሴምበር 1901 ይመስለዋል።

መፍትሔው ይታወቃል፤ ቆጠራውን ወደ 64 ቢት ማሳደግ። አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ተሻግረዋል። ስጋቱ ያለው በየፋብሪካውና በየሕንፃው ውስጥ ተቀብረው ማንም አፕዴት በማያደርጋቸው ትናንሽ መሣሪያዎች ላይ ነው። «የ2000ውም ጊዜ ዓለም ያልቃል ተብሎ ምንም አልሆነም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ብዙ ያልሆነው፣ ዓመትን በሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚይዙ 2000ን ከ1900 የማይለዩትን ፕሮግራሞች እያነፈነፉ ሲያስተካክሉ ለዓመታት የከረሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

አንድ ሶፍትዌር «አለቀ» የሚባለው መቼ ነው?

እንደ ዓይነቱ ነው። ሜየር ሌማን የተባለ ተመራማሪ ከላስሎ ቤላዲ ጋር ሆኖ ኦኤስ/360 የተባለው የአይቢኤም ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንዴት እያደገ እንደሄደ አጥንቶ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮም ስለ ሶፍትዌር ለውጥ ሕጎች አወጣ። ሌማን ፕሮግራሞችን ሲለይ፣ ጥያቄያቸው በሒሳብ ቋንቋ ቁልጭ ብሎ የተቀመጠ አሉ ይላል። የአንድን ቁጥር ስኩዌር ሩት የሚያሰላ ፕሮግራም ትክክል ከሆነ ትክክል ነው። ማለቅ ይችላል።

በሰው ሥራ ውስጥ የሚገባው ሶፍትዌር ግን ሌላ ነው። የደመወዝ ሲስተም፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የባንክ አፕ። ለእነዚህ የሌማን የመጀመሪያ ሕግ የሚለው ይህን ነው፤ ሁልጊዜ ካልተስተካከሉ ጥቅማቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ፣ በተለወጡ ቁጥር ውስብስብነታቸው ይጨምራል ይላል፤ ሰው ሆን ብሎ ካላቃለለው በስተቀር። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቡ የፕሮግራመርን ኑሮ ታገኙታላችሁ።

ለዚህ አንድ ምክንያት ሶፍትዌሩ ራሱ ነው። ሰዎች ሥራቸውን በእጅ ሲሠሩ አንድ ሲስተም ይጠይቃሉ። ሲስተሙ ሲመጣ ሥራቸው ይለወጣል። ሥራቸው ሲለወጥ ከዚህ በፊት ያልታያቸው ነገር ይታያቸዋል፤ አዲስ ይጠይቃሉ። ተጠቃሚው ወላዋይ ስለሆነ አይደለም። መጀመሪያ ሲጠየቅ ያላየውን ነገር እንዴት ብሎ ይንገራችሁ?

ከዚህ የሚለይ አንድ ቆንጆ ምሳሌ አለ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑት የሠራው ቴክ የተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ አዲስ ነገር አይጨመርበትም፤ ስህተት ሲገኝ ብቻ ይታረማል። የቨርዥን ቁጥሩም በታረመ ቁጥር አንድ አሃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ ይጠጋል። ከ2021 ጀምሮ 3.141592653 ላይ ነው። ክኑት እሱ ሲሞት ቁጥሩ ፓይ ይሁን፣ ከዚያ ወዲያ የተገኘ ስህተትም የፕሮግራሙ ባህርይ ሆኖ ይቁጠር ብሏል። እንዲህ ያለ ድፍረት ያለው ሰው ብዙ አይገኝም።

የበፊቱ ቨርዥን ይሻለኛል። አፕዴት ማድረግ ግዴታ ነው?

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ የደህንነት ጥገና ነው። ሌላው የመልክና የአሠራር ለውጥ ነው።

የደህንነት ጥገናን አታዘግዩት። ማይክሮሶፍት በማርች 2017 አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና አወጣ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ሜይ 12 ላይ ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በዚያው ቀዳዳ ገባ። በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮች ተቆለፉ፣ ገንዘብ ክፈሉ ተባለ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ጥገናውን የጫኑት ከዚያ ቀዳዳ ተርፈዋል። ሌላም ነገር አለ፤ ጥገና ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበር ጭምር ይገለጣል። አጥቂዎች አዲሱንና አሮጌውን ኮድ አስተያይተው ቦታውን ያገኙታል። ስለዚህ ጥገናው ከወጣ በኋላ አለመጫን ከበፊቱም የባሰ ነው።

መልክ የሚቀይረው አፕዴት ላይ ግን ቅሬታችሁ ልክ ነው። ብዙ ድርጅቶች ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ይልኩታል። ደህንነት የፈለገ ሰው ያልፈለገውን አዲስ ገጽታም አብሮ ይውጣል። ይህ ቴክኒካዊ ግዴታ ሳይሆን የንግድ ውሳኔ ነው።

አፕዴትም ራሱ ሊያበላሽ ይችላል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ጁላይ 19 ቀን 2024 አንድ የተሳሳተ ፋይል ላከና 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ በረራዎችም ተሰረዙ። ለተራ ተጠቃሚ የምመክረው ቀላል ነው። የደህንነት ጥገና ወዲያው ጫኑ። ትልቅ የቨርዥን ለውጥ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ታገሡና ሌሎች ምን እንዳሉ ስሙ። ሁለቱንም ከማድረጋችሁ በፊት ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሎቻችሁ ሌላ ቅጂ፣ ይኑራችሁ።

3.2.1 ዓይነት የቨርዥን ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?

የተለመደውን የቁጥር አሰጣጥ ደንብ በሚከተሉ ፕሮግራሞች የመጀመሪያው ቁጥር ሲጨምር የበፊቱን አሠራር የሚሰብር ለውጥ አለ ማለት ነው። መካከለኛው ሲጨምር አዲስ ነገር ታክሏል፣ የቀድሞው ግን ይሠራል። የመጨረሻው የስህተት እርማት ነው። ለገበያ ሲባል ቁጥር የሚያዘልሉም አሉ፤ ስለዚህ በጭፍን አትመኑት።

«አንድ በተን ብቻ ጨምሩልን» ስንል ፕሮግራመሮች ለምን ሦስት ሳምንት ይላሉ?

በተኗ የአንድ ሰዓት ሥራ ልትሆን ትችላለች። ከኋላዋ ያለው ነው ጊዜ የሚፈጀው። «ሰርዝ» የምትል በተን እንበል። ማን ነው መሰረዝ የሚፈቀድለት? የተሰረዘው ነገር ጨርሶ ይጥፋ ወይስ ይደበቅ? ባለፈው ዓመት ሪፖርት ውስጥ የገባ ከሆነስ? መረጃውን የሚስበው ሌላኛው ሲስተም እንዴት ይወቅ? አንድ ሰው እያየው ሌላው ቢሰርዘውስ? እነዚህን የጠየቀ ሰው የለም፤ ግን አንድ ሰው መመለስ አለበት። ያ ሰው ፕሮግራመሩ ነው።

ከዚህ ላይ የቆየ ጣጣ ይጨመራል። ፕሮግራመሩ ዋርድ ካኒንግሃም በ1992 ይህን ዕዳ ብሎ ጠራው። አሁን ቶሎ ለማድረስ የተወሰደ አቋራጭ በኋላ ወለድ ይጠይቃል፤ ወለዱም ከዚያ ወዲያ የሚሠራው እያንዳንዱ ሥራ መዘግየቱ ነው። ዕዳ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው መኖሩን የማይጽፉት ዕዳ ነው።

ተጠቃሚ የበዛበት ሶፍትዌር ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ሰው በመመሪያው ላይ ያልተጻፈውን ባህርይ ሁሉ ይለምዳል፤ ስህተቱን ጭምር። ፕሮግራመሩ ባጉን ሲያስተካክል «አበላሻችሁብን» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ሰው አልዋሸም፤ ሥራው በዚያ ባግ ላይ ተመሥርቶ ነበር።

«ሰው ጨምሩበትና ይፍጠን» የሚለው ሐሳብም ብዙ አያስኬድም። ኦኤስ/360ን የመራው ፍሬድ ብሩክስ፣ የዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ብሎ ከጻፈ ከ1975 ወዲህ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። አዲሶቹን የሚያስተምሩት እኮ ሥራውን የያዙት ሰዎች ናቸው።

አሮጌውን ጥሎ ከዜሮ መጻፍ አይሻልም?

ፕሮግራመር ሁሉ ይህን ይመኛል። የራስን ኮድ መጻፍ የሌላውን ከማንበብ ይቀላልና። ታሪኩ ግን ያስጠነቅቃል።

ኔትስኬፕ በ1990ዎቹ የኢንተርኔት ማሰሻ ንጉሥ ነበር። ቨርዥን 4 በ1997 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የድሮው ኮድ ይቅርና ከመሠረቱ እንጻፍ ተባለ። ቨርዥን 5 የሚባል ለገበያ ሳይወጣ ቀረ። ቨርዥን 6 የመጣው በኖቬምበር 2000 ነው፤ እሱም ገና ያልበሰለ ነበር። በዚህ መሃል የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ወስዶታል። ኔትስኬፕን የጣለው ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ኤክስፕሎረር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በነፃ ይመጣ ነበር። ሆኖም ሦስት ዓመት ባዶ እጅ መቆም በደንብ ጎድቶታል።

ለፍርድ እንዳንቸኩል ግን፣ ያ ከመሠረቱ የተጻፈው ኮድ በ2004 ለወጣው ፋየርፎክስ ለተባለው ማሰሻ መነሻ ሆኗል። ኮዱ ተረፈ፤ ኩባንያው ነው ያልተረፈው።

ከዜሮ መጻፍ የሚያደክመው አሮጌው ኮድ ውስጥ ያሉት አስቀያሚ መስመሮች አብዛኞቹ ምክንያት ስላላቸው ነው። አንዱ የሆነ ዓይነት ፕሪንተር ላይ የታየ ስህተትን ለማለፍ የገባ ነው። ሌላው በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣው ፌብሩዋሪ 29 ቀን የተወለደ ደንበኛ ሲስተሙን ካቆመ በኋላ የተጨመረ ነው። እነዚህን ጥላችሁ ስትጀምሩ ያንኑ ስህተት ሁሉ እንደገና ታገኙታላችሁ፤ በአዲስ ደንበኞች ፊት። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ቁራጭ በቁራጭ መተካት ነው። አሮጌው እየሠራ አንድ ክፍል ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ይሞከራል፣ ከዚያ ቀጣዩ። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ያደርሳል።

የማይሠራበትን ኮድ ዝም ብሎ መተው ምን ይጎዳል?

ናይት ካፒታል የተባለውን አክሲዮን የሚገበያይ የአሜሪካ ድርጅት ጠይቁ። ከዓመታት በፊት መጠቀም ያቆመው የኮድ ክፍል ሰርቨሮቹ ላይ ተኝቶ ነበር። በ2012 አዲስ ኮድ ሲያዘጋጁ ያንን አሮጌ ክፍል ይቀሰቅስ የነበረውን ምልክት ለአዲስ ሥራ ተጠቀሙበት። አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች ሰባቱ ላይ ተጫነ። ስምንተኛው ተረሳ። ኦገስት 1 ቀን ጠዋት ገበያው ሲከፈት ስምንተኛው ሰርቨር ምልክቱን እንደ ድሮው ተረዳውና አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ኪሳራው ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ድርጅቱ ራሱን ችሎ መቆም አቅቶት በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ጋር ተዋሃደ።

የማያስፈልግ ኮድ ይደምሰስ። የቀድሞውን ሁሉ የሚያስታውሱ እንደ ጊት ያሉ መሣሪያዎች እያሉ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ሰበብ አይሆንም።

ፕሮግራመሮች የሌላ ሰው ኮድ ወስደው ይሠራሉ ይባላል። አያስፈራም?

ይወስዳሉ፤ መውሰዳቸውም ጥሩ ነው። ሁሉን ራሴ ልጻፍ የሚል ሰው የትም አይደርስም። ግን የወሰዱት ነገርም ይለወጣል፣ ይሞታል፣ ይታመማል። በማርች 2016 ሌፍት-ፓድ የተባለች 11 መስመር የምታክል የጃቫስክሪፕት ኮድ ባለቤቷ ከኦንላይን መጋዘኑ ሲያነሣት በዓለም ዙሪያ ስንት ፕሮጀክት ቆመ! በዲሴምበር 2021 ደግሞ ሎግ4ጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ (ፕሮግራመሮች ወስደው የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ውስጥ ከባድ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። የብዙ ድርጅቶች የመጀመሪያ ጥያቄ «እኛ ይህን እንጠቀማለን እንዴ?» የሚል ነበር። ከሌላ የወሰዳችሁትን ኮድ ሁሉ ዝርዝሩን ያዙ።

ሶፍትዌሩ ሲሞት ፋይሎቼ ምን ይሆናሉ?

ፋይሉ ይኖራል፤ የሚከፍተው ይጠፋል። አዶቤ የተባለው ኩባንያ፣ በማሰሻ ውስጥ ጨዋታና አኒሜሽን ያሠራ ለነበረው ፍላሽ ለተባለው ፕሮግራሙ የሚሰጠውን ድጋፍ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሲያቆም በፍላሽ የተሠሩ ብዙ ጨዋታዎችና አኒሜሽኖች በተለመደው ማሰሻ የማይከፈቱ ሆኑ። አሮጌውን አካባቢ አስመስለው የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሠሩ በጎ ፈቃደኞች የተወሰነውን አድነዋል።

ለረጅም ጊዜ የምትፈልጉትን ነገር ብዙ ፕሮግራም በሚያነበው ፎርማት አስቀምጡ። ተራ ጽሑፍ፣ ፒዲኤፍ፣ ለሥዕል ፒኤንጂ ወይም ጄፔግ። አንድ ኩባንያ ብቻ የሚከፍተው ፎርማት ከሆነ ኩባንያው ሳይሄድ ኮፒውን ቀይራችሁ አውጡ።

ለረጅም ዕድሜ የሚያበቃው ምንድን ነው?

የሚያውቀው ሰው መኖሩ። ቮዬጀር 1 የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ1977 ተመጠቀች። በኖቬምበር 2023 ትርጉም የሌለው ዳታ መላክ ጀመረች። ምክንያቱ አንድ የተበላሸ የሚሞሪ ቺፕ ነበር። መንኮራኩሯ በዚያን ጊዜ ከመሬት ወደ 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር፤ አንድ መልእክት ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበት ነበር። ቺፑን መቀየር አይታሰብም። ኮዱን ግን መቀየር ይቻላል። መሐንዲሶቹ በተበላሸው ቦታ የነበረውን ኮድ ወደ ሌላ ለማዛወር ፈለጉ። ሙሉውን የሚይዝ አንድ ክፍት ቦታ ስላልነበረ ቆራርጠው በየቦታው አስቀመጡት፤ እርስ በርስ የሚያገናኙትን አድራሻዎችም አስተካከሉ። ኤፕሪል 18 ቀን 2024 የመጀመሪያውን ክፍል ላኩ። ኤፕሪል 20 ቀን መልሱ ደረሳቸው፤ ሠርቷል።

ይህ የሆነው አሥርት ዓመታት ያስቆጠሩ ሰነዶች ስለነበሩና የሚያነባቸው ሰው ስላልጠፋ ነው። ፕሮግራሙን ያዘዙ ድርጅቶች ኮዱን መረከባቸውን ያረጋግጣሉ። ለምን እንደዚያ ተደርጎ እንደተሠራ የሚናገረውን ጽሑፍ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ብሆን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን ለመምረጥ ይዳዳኛል።

አሁን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኮድ ስለሚጽፍ ይህ ሁሉ ጣጣ ያበቃል?

መጻፉ በጣም ፈጥኗል። ጣጣው ግን ብዙውን ጊዜ መጻፉ ላይ አልነበረም። በቀላሉ የተጻፈ ኮድ በቀላሉ ይበዛል፤ የበዛው ሁሉ ደግሞ ነገ አፕዴት ይፈልጋል። በሌላ በኩል ኤአይ ማንም የማያውቀውን አሮጌ ኮድ እያነበበ ሲያስረዳ ጥሩ አጋዥ ነው፤ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ቴስት ለመጻፍም እንደዚያው። ለአንድ ሥራ ስትጠቀሙበት የሰጣችሁን ኮድ ሳትረዱት አትቀበሉ። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ የሚደወለው ለእናንተ ነው።